ቅቤ የተቀባችው መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን አንድ ላቫጆ በር ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለሁ አንዱ አጣቢ፣ ደግነቱ አይካድም፣ «እስኪ እስከዚያው አቧራውን ላንሳልሽ» ብሎ ትከሻው ላይ የነበረውን ደረቅ ጨርቅ አወረደና ኮፈኑን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ጠረግ አደረገው። ክርርር የሚል ድምፅ ወጣ። ቀጭን ነው፤ ሌላ ሰው ላይሰማውም ይችላል። እኔን ግን ጥርሴን አጠረሰኝ። «ተው! ተው ብዬሃለሁ!» ብዬ ስጮህ የልጁ እጅ አየር ላይ ቀረ። «እንዴ እትዬ፣ መኪና እኮ ነው፣ ሕፃን አይደለም!» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ! እንዲህ መጮህን ያስተማሩኝ ሰውዬ ቢሰሙኝ ኖሮ ከሁሉም አብልጠው የሚስቁት እሳቸው ነበሩ። እኔም እዚያው በቆምኩበት፣ በልቤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ገባሁ።

ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት ተቀምጫለሁ። «ወደቅሁ» ማለት ስለሚያሳፍረኝ «ነጥብ አልመጣልኝም» ነበር የምለው፤ ነጥቡ ራሱ መንገድ ጠፍቶት የቀረ ይመስል። እናቴ የበግ ፀጉር ገዝታ፣ አጥባ፣ በደጋን ነድፋ፣ ፈትላ የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ለባና ሠሪዎች ታስረክባለች። እኔም አብሬያት ስነድፍ እውላለሁ። ቤታችን ሁልጊዜ እርጥብ ፀጉር ይሸታል፤ ሽታው ከልብሳችን አይወጣም ነበር። ገበያ ላይ ከኋላችን የቆመ ሰው ፊታችንን ሳያይ የማን ቤት ሰዎች እንደሆንን ያውቃል።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ አዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ባለቤታቸው ሲያርፉባቸው ልጅም ስላልነበራቸው ወደ ተወለዱበት ወደ መንዝ ተመለሱ። ይዘው የመጡት ሁለት ሻንጣና አንዲት ትንሽ ጥቁር አረንጓዴ አውቶሞቢል ነው። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ቀለሟ ግን! ኮፈኗ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ጥርሱን መቁጠር ይችላል።

የመሐል ሜዳን በጋ የሚያውቅ ሰው ይኼ ነገር ቀልድ ይመስለዋል። ነፋሱ ከጠዋት እስከ ማታ አቧራውን አንስቶ ያዞረዋል፤ ሰው አፉን ሲከፍት አሸዋ ነው የሚያኝከው። ውኃውም ጭንቅ ነበር። ቦኖው ጋ ጀሪካን ገና ሳይነጋ ይሰለፋል። ጋሼ መኪናቸውን በወር አንዴ ቢያጥቡ ነው፤ እሱንም ደብቀው፣ በአንድ ባልዲ። «ሰው የሚጠጣውን ተሰልፎ እየጠበቀ እኔ ብረት አላጥብም» ይላሉ። ታዲያ ከእጥበት እስከ እጥበት ያቺ መኪና እንዴት ነው እንደዚያ የምታበራው? ሰፈርተኛው «መልአክ እየወረደ ይወለውልላቸዋል» እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

መልአኩን ያየሁት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ ማለዳ ልብስ ላሰጣ ብወጣ ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። መኪናዋ አመዳይ ወርዶባት ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆናለች። ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ፀሐይዋ ከጋራው ጀርባ ብቅ ስትል አመዳዩ መቅለጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ከዚያ ኮፈኑ ጠብታ በጠብታ ሆነ። ይኼኔ ጋሼ ከጋቢያቸው ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ አወጡና ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብለው፣ አንዴ በአንድ መስመር እየሳቡ እርጥቡን ከነአቧራው ማንሳት ጀመሩ። እግዜር በነፃ የላከውን ውኃ ነበር የሚጠብቁት ለካ! ፀሐይ ካደረቀችው አለቀ፤ ሳይቀልጥ ከተነካ ደግሞ ይቧጥጣል። በመካከሉ ያለችው ጊዜ ዳዊት አይደገምባትም፣ በጣም አጭር ናት።

እየሳቅሁ ልመለስ ስል አንድ ነገር አየሁ። በሩ ላይ ትልቅ የቁራ ኩስ ነበረች። ጋሼ እሷን አልፈው ጎኗን ጠረጉ። ተመልሰው እንደገና አለፏት።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቀርቷል» አልኳቸው አጥሩን ተሻግሬ።

«የት?» አሉ። ጣቴን እያዩ አልነበረም። የሚያዩት ድምፄ የመጣበትን ነው።

ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጋርዶት ኖሯል። ለማንም አልተናገሩም። ዕድሜ ልኩን ሾፌር የነበረ ሰው «ዓይኔ ጠፋ» ብሎ ለማን ይናገራል? እጃቸውን ይዤ ኩሷ ላይ አደረስኩላቸው። «የወፍ ኩስ አድሮ ከዋለ ቀለሙን ይበላዋል» አሉኝ፤ «እርጥብ ጨርቅ አስቀምጪበትና ይለስልስ፤ ከዚያ አንሺው እንጂ አትፋቂው።» የመጀመሪያ ትምህርቴ ይህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ዓይን፣ እሳቸው አፍ ሆንን።

አፋቸው ደግሞ እንዴት ያለ አፍ ነበር መሰላችሁ! አንድ ቀን አመዳይ ሳይወርድ አደረና እኔ በትጋቴ ደረቅ ጨርቅ ይዤ ኮፈኑን ጠረግ ባደርገው፣ ከቤት ውስጥ ሆነው ሰሙኝ። «እጅሽን አንሺ!» ብለው ሲጮኹ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጮኸ። ወጥተው የእጃቸውን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳለፉና የቧጠጥኩበትን ቦታ ልክ አገኙት። በመዳፋቸው አይዳስሱም፤ መዳፍ ሻካራ ነው፣ ይዋሻል ይላሉ። «አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ ነው፣ ልጄ። አንቺ ፊትሽን በድንጋይ ታሻለሽ?» አሉኝ። «አይ» አልኩ። «እሷም አትፈልግም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» ጤዛ ካልወረደ ውኃ በትንሹ ረጭተሽ፣ አቧራው ሲረጥብ ጠብቂ፤ አንድ ጊዜ የጠረግሽበትን ገጽ ገልብጪው፤ በክብ አታዙሪ፤ በሸራ አትሸፍኛት፣ የኛ አገር ነፋስ ሸራውን ሲያማታው ሌላ ቡጥጫ ነው፤ ከባሕር ዛፍ ሥር አታቁሚያት። ሌላም ሌላም። እስካሁን አንዱንም አልረሳሁም።

«ታዲያ መንዳትስ የሚያስተምሩኝ መቼ ነው?» አልኳቸው በሁለተኛው ሳምንት፤ አመጣጤ ለዚያ እንደሆነ ሳያውቁት አልቀሩም። ከመሐል ሜዳ የሚያወጣኝ ሌላ በር አልታየኝም ነበር። የኮንትራት ሾፌር መሆን፣ ሰው ማድረስ፣ የራሴን እንጀራ መብላት፤ ሌላ ሕልም አልነበረኝም።

«ቀለሟን ስታከብሪ» አሉኝ። «ቀለሟን የናቀ ፍሬኗንም ይንቃል።»

ጨርቃቸው አርጅቶ ነበር። እኔም ምን ቆረጠኝ፣ ከእናቴ ቅርጫት ለስላሳውን የጠቦት ፀጉር ሰረቅኩ። በእርጥብ ፀጉር ሲጠረግ አቧራው ፀጉሩ ውስጥ ይገባል እንጂ ቀለሙ ላይ አይንሸራተትም። ጋሼ ደስ ሲላቸው እኔ ደግሞ እንደ ባለሙያ ኮራሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጉድ ፈላ።

«የጠቦቱ ፀጉር የት ገባ?» አለች እናቴ።

መዋሸት ሞከርኩ፤ አላዋጣኝም። «ጋሼ መኪና...» አልኩ።

«መኪና ልትወለውዪበት? የኔን ፀጉር?»

አሁን እናቴንና መኪናን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሟ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ክረምት ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠውና መኪናው ገደል ገባ። አስከሬኑ ሲመጣ አጥባ የገነዘችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም። ቀየት ገበያ ስትሄድ እንኳ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በእግሯ ነው። በራችን ላይ አውቶቡስ ሲያልፍ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ስለዚህ ያን ዕለት የምትገርፈኝ መስሎኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

«አምጪው እስኪ» አለችኝ። አመጣሁላት። ገለበጠችው፣ ወደ ብርሃን አነሳችው፣ ፊቷ ተኮማተረ።

«ይኼ ምንድን ነው? ጭገጎቱ ሳይለቀም! እሾህ እኮ አለበት! ይኼን ይዘሽ ነው ሰው ፊት የወጣሽው?»

አፈር ስሆን፣ አልተሳሳትኩም፣ የተናደደችው ፀጉሩ በመሰረቁ ሳይሆን በደንብ ባለመሠራቱ ነበር። ሥራዋን ጥላ ተቀመጠች። በእንዶድ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመችለት፣ በደጋን ነደፈችው፤ በመጨረሻም በእጅ ልክ ሰፍታ ሰጠችኝ። «ለመኪናው ብዬ አይደለም» አለች፤ «ስሜ እንዳይጠፋ ነው።»

ጋሼ በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት። ቆዩ። «ይኼን ማን ሠራው?» አሉኝ። «እናቴ» አልኳቸው። «ባለሙያ ናት፤ ንገሪያት» አሉ። ስነግራት «እሳቸው ደግሞ ስለ ፀጉር ምን ያውቃሉ!» ብላ ፊቷን አዞረች፤ ግን ጉንጯ ሲነሳ ከጎን አይቼዋለሁ።

ጋሼ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ መሪ አስያዙኝ። በጎች በሌሉበት ሰዓት፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ ሞተሩን በጆሯቸው እያዩ። «ማርሽ ቀይሪ፣ ስታቃስት አትሰሚያትም?» እያሉ። ኋላም ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ በወጉ ተምሬ ተፈተንኩና መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ለእናቴ ሳሳያት ፎቶዬን ትክ ብላ አየችና «ከስተሻል» አለችኝ። ሌላ አንድም ቃል አልወጣትም።

ከዚያ የጋሼ ቀጠሮ ደረሰ። ደብረ ብርሃን ሐኪም ሞራውን ሊያነሳላቸው ነው፤ የምነዳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። «በደህና አድርሰሽ ከመለስሽኝ መኪናዋን ትሠሪባታለሽ» አሉኝ። እኔ በደስታ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የእናቴ ምርቃት። በኛ ዘንድ ያለ እናት ምርቃት የሚወጣ ሰው ልብስ ሳይለብስ እንደወጣ ነው። በዋዜማው፣ ገና ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ እንዝርቷን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«እማዬ፣ መርቂኝ።»

እንዝርቷ ቆመ። «አልመርቅም» አለች። የተቆጣች መስሎኝ ቀና አልኩ። «ወንድሜን መርቄ ነው የላክሁት። እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ ራሱን ይዤ። ምርቃቴ አልያዘም። አንቺን አልመርቅም።»

ተነስቼ ሄድኩ። ጠዋት ልሰናበታት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ትከሻዋን ስሜ ወጣሁ። እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ከትንፋሿ አውቃለሁ። ውጭው ገና ግራጫ ነበር፤ ጤዛውን ከመስታወቱ ላይ ብቻ ጠራርጌ፣ ኮፈኑን ልብም ሳልለው፣ ጋሼን ደግፌ አስገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ጋሼ ያወሩኛል፣ እኔ ግን አልሰማም። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ አቧራው ከፊታችን ካለው አውቶቡስ ላይ እየተነሳ ይሸፍነናል።

ሞላሌ ከተማን አለፍ እንዳልን ጋሼ አፍንጫቸውን አነሱ።

«ቅቤ ይሸተኛል» አሉ።

«ጋሼ ደግሞ! ቁርስ አልበሉም እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ቅቤ እየቀለጠ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እኔም ሸተተኝ። ሞተሩ ዘይት የሚያፈስ መስሎኝ ዳር ይዤ አቆምኩና ወረድኩ። ኮፈኑን ሳየው ክው አልኩ። መሐሉ ላይ፣ ልክ የሕፃን አናት ላይ እንደሚደረገው፣ ቅቤ ተደርጎበታል፤ የሞተሩ ሙቀት አቅልጦት ወደ ታች እስከ መብራቶቹ ወርዷል፤ የመንገዱ አቧራ ደግሞ በላዩ ተለጥፎ ከጋጣ የወጣ ጭቃ መስሏል። በጣቴ ነካሁት፣ አሸተትኩት። የአሪቲ ሽታ አለው። በአሪቲ የታሸ ቅቤ መሐል ሜዳ ውስጥ ብዙ ቤት ይኖር ይሆናል፤ የዚህ ሽታ ግን እናቴ ራሴን ስትቀባኝ ያደግኩበት ነው፤ አልስተውም።

እኔ ልብሴን ስለባብስ እናቴ ወጥታ ኖሯል። እኔን ለመመረቅ ፈርታ፣ መኪናዋን ቀብታ መርቃ፣ ተመልሳ ተኝታለች።

መንገድ ዳር ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጋሼ በሩን ከፍተው፣ ጎኗን እየዳሰሱ መጡ። «ምን ሆነሽ? ገጨሽ እንዴ?» አሉ። ነገርኳቸው። እጃቸው ኮፈኑ ላይ ሊያርፍ ሲል ተወው፤ አልነካውም። እኔ ያንን የእናቴን የፀጉር መወልወያ ከመቀመጫው ሥር አወጣሁና ልጠርገው ስል አንጓዬን ያዙኝ።

«ተዪው።»

«ጋሼ፣ ቀለሙ ይበላሻል እኮ! ፀሐይ ላይ ነን።»

«አሁን ብትነኪው አሸዋውን ነው የምታሺበት። ቤት ስንመለስ ለብ ባለ ውኃ ቀስ ብለን እናነሳዋለን።» አሉና ጨመሩ፤ «ደግሞስ የእናት ምርቃት ጉዞ ሳያልቅ ይጠረጋል እንዴ? ግቢ፣ እንሂድ።»

ደብረ ብርሃን በዚያ መልክ ገባን። ያቺ ሁሌ የምትወለወለው፣ ጥርስ የምታስቆጥር መኪና ጭቃ የተመረገ በርሜል መስላ። መንገደኛው እየጠቆመ ይስቃል። ጋሼ ምናቸው ተነክቶ! ቀና ብለው ተቀምጠዋል።

ሐኪሙ የአንድ ዓይናቸውን ሞራ አነሳላቸው፣ ጥቁር መነጽር ሰጥቶ ለጥቂት ቀን ከአቧራና ከቀትር ፀሐይ ይራቁ አላቸው። ስንመለስ ከመነጽሩ ላይ ነጠላዬን ተከናንበው ከኋላ ተቀመጡ። «ዛሬ አላያትም» አሉኝ ሲገቡ፤ «ጸድታ፣ ጠዋት ብርሃን ላይ፣ በደንብ ነው የማያት። ቀለሟን ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ለእሷ ብዬ ነው ዓይኔን ያሳየሁት።» ይህን ሲሉ ሕፃን ነበር የሚመስሉት።

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ከማለዳ ጀምሮ እንደቆመች ጎረቤት ነገረኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ቀጥሎ ኮፈኑን አየችው። እጇ አፏ ላይ ወደቀ። «ውይ! ውይ በሞትኩት! እንዲያምርባችሁ ብዬ... አበላሸሁባቸው!» ጋሼ ከነጠላው ሥር «ምንም አልሆነም፣ ነገ እኔና ልጅሽ እናነሳዋለን» ብለው ወደ ጨለማ ክፍላቸው ገቡ። እኔም እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። ክርርር፣ ክርርር፣ ክርርር። ባዶ እግሬን ሮጥኩ። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በአንድ እጇ ጣሳ ሙሉ አመድ፣ በሌላ እጇ ቃጫ ይዛ፣ ኮፈኑን ቅባት እንደነካው ድስት ስታሸው ደረስኩ። ጨርሳለች። ቅቤው የለም፣ ጭቃው የለም። የዚያን ሁሉ ዓመት ቀለም ከዳር እስከ ዳር ተቧጥጧል፤ ጥቁር አረንጓዴው ጭጋግ የለበሰ መስሏል።

«በጥቂት አመድ እኮ ለቀቀ!» አለችኝ። ላብ አጥምቋታል። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አጎቴ ከሞተ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ብናገር እናቴ ዳግመኛ የምትመርቅ ሰው አትሆንም፤ «እጄ ርጉም ነው» ብላ ትቀራለች። ዝም ብል ደግሞ ጋሼ ይወጣሉ። ወዲያው በራቸው ሲጥ አለ።

ወጡ። የዛሬዋን ጠዋት ጠብቀው ነበርና መላጫም ነክቷቸዋል፣ ኮታቸውንም ለብሰዋል። ወደ መኪናዋ ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው ቆመው ጥቁሩን መነጽር አወለቁ።

አዩ። የእጃቸውን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አኖሩና አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው ሳቡት። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አዩ። ጎረቤታችን ሆነው ስንት ዓመት፣ ፊቷን በደንብ ያዩት ያን ጠዋት ሳይሆን አይቀርም። እጇንም አዩ፤ አመዱ ከጣቶቿ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል።

«አዩት ጋሼ፣ እንዴት እንደጠራ?» አለች እናቴ።

«አየሁት» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረና ተጠገነ። «ዓይኔ በርቶ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። እጅሽ ይባረክ።»

«አሜን» ብላ እናቴ አመዷን ይዛ ገባች። ልትገባ ስትል ወደ ኋላ ዞራ ኮፈኑን አንድ ጊዜ ደግማ አየችው።

እኔ «ጋሼ...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩና ጣቶቼን በእጃቸው ዘጉልኝ። «ለእናትሽ ትነግሪያትና ወየውልሽ!» አሉኝ።

አልነገርኳትም። እሳቸውም አልነገሯትም። ከተማ ውስጥ ስንቱ «ኮፈኑን ቀለም አያስቀቡትም?» ሲላቸው «ምን ጎደለው?» ይሉ ነበር። እኔ እንጀራዬን የጀመርኩት በዚያች መኪና ነው፤ ስንት ሐኪም የሚፈልግ ሰው፣ ስንት ሙሽራ አድርሼባታለሁ። ዛሬ ጋሼም እናቴም አፈር ለብሰዋል፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ኮፈኑን ያጠራሁት እኔ ነኝ እያለች ለእንግዳ ሁሉ ታወራ ነበር። አንድ ሰው ለሌላው ሲል የሚወደውን ነገር እንደዚያ ዝም ብሎ ሲለቅ ካየሁ ወዲህ፣ ማማረር ባሰኘኝ ቁጥር አፍራለሁ። እግዜር ይስጥልኝ የምለው ብዙ አለኝ፤ መጀመሪያው ግን ያ ጠዋት ነው።

ከዚያ ጠዋት በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጋሼን ወደ ዘመዳቸው ላደርስ ሞተር ሳስነሳ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ አለች። የፊቱን በር ራሷ ከፈተችው። «እስኪ ይኼ ነገር እንዴት ነው» ብላ ገብታ ተቀመጠች። ጋሼ ወደ ኋላ ሄዱላት። ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ቆልፋለች። ከከተማው ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ኮፈኑ ላይ አረፈች። ያ ሁሉ ቡጥጫ አንድ ላይ ተቀጣጠለ፤ ዓይን ያጭበረብር ነበር።

«አየሽ ሲያብለጨልጭ?» አለች እናቴ። «ከእሳቸው ውልወላ የኔ አመድ አይበልጥም?»

«ይበልጣል እንጂ!» አሉ ጋሼ ከኋላ፣ እኔ ሳልቀድማቸው።

እናቴ ሳቀች። ከዚያ አንድ እጇን ከጭኗ አነሳችና ራሴ ላይ አኖረችው። «እንግዲህ» አለች፤ «መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ። ወጥተሽ የምትገቢ ያድርግሽ።»

መንገዱ በእንባ ተጋርዶብኝ ነበር፤ እግሬን ከነዳጁ ላይ አንስቼ «አሜን» አልኩ። ጋሼም ከኋላ፣ ከእኔ ጮክ ብለው፣ «አሜን» አሉ።